ጎመናችሁ ላይ ክሽክሽ ለወጣባችሁ

ሰላም ውድ የጓሮ አትክልት ቡድናችን አባላት፣

ሰሞኑን ስለ ጎመን የምትጠይቁ በዝታችኋል። ያ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ግራጫ ነገር ክሽክሽ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ነው። የቅጠሉን ፈሳሽ እየመጠጠ ያጨማድደዋል። ሴቷ ያለ ወንድ ስለምትወልድ በአጭር ጊዜ ጓሮውን ይሞላዋል። ስለዚህ ዛሬ ነገ አትበሉ።

ፀረ ተባይ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ውኃ ሞክሩ። የቅጠሉን ጀርባ በጎማ ጠንከር አድርጋችሁ እጠቡት። ክፉኛ የተጠቃውን ቅጠል ቆርጣችሁ አርቁት። ካልበቃ፣ በ1 ሊትር ውኃ 1 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ርጩ። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ምንም አይሠራም። ስለዚህ ጀርባውን በደንብ አርጥቡት፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ድገሙት። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን፤ በፀሐይ ከሆነ ቅጠሉ ይቃጠላል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቅጠል ላይ ሞክሩት። የዱቄት ሳሙና ግን ይቅርባችሁ!

አንድ ልመና አለኝ። ቀይዋን ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጥንዚዛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እጯ ግን ጠቆር ያለች፣ መልከ ጥፉ ናት፤ ብዙ ሰው ተባይ መስላው ይገድላታል። እሷ እኮ ክሽክሽ በመቶዎች የምትበላ ናት! ያበጠና ቡናማ ሆኖ የደረቀ ክሽክሽ ካያችሁም ተዉት። ውስጡ የምታድገው ጥቃቅን ተርብ ወጥታ ሌሎቹን ታጠቃለች።

ጉንዳን ከተመላለሰ መንገዱን ዝጉበት። ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልግ ከጠላት ይጠብቅለታል። ዩሪያም አታብዙ፤ ለምለም ለጋ ቅጠል ክሽክሽ ይጠራል።

የተረጨውን ጎመን ከመክተፋችሁ በፊት ደጋግማችሁ እጠቡት።