የልጆች ማዘፈኛ ስፒከር ቤት ውስጥ ለምትሠሩ ደንበኞቻችን

ለውድ ደንበኞቻችን በሙሉ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ የልጆች ማዘፈኛ ስፒከር

ጤና ይስጥልን።

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ወደ ሱቃችን የሚመጣው ወላጅ ጥያቄው አንድ ሆኗል፤ "ልጄ በማይክ የምትዘፍንበት ነገር ሥሩልኝ።" አንዳንዱ ዕቃውን ገዝቶ ራሱ ሊገጣጥም ይፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ የተበላሸ ሆም ቴአትር ተሸክሞ መጥቶ "ከዚች አውጡልኝ" ይለናል። አንዱን እሺ፣ ሌላውን እምቢ ስንል ቅር የተሰኛችሁብን አላችሁ። "ሥራ ጠልታችሁ ነው" ያሉንም አልጠፉም። ስለዚህ ምን እንደምንሠራ፣ ምን እንደማንሠራና ምክንያቱን ጽፈን ብናስረዳ ይሻላል ብለናል።

ዋናውን ከፊት እንናገር። ለልጅ የሚሠራ ስፒከር ከግድግዳ ሶኬት ጋር አይገናኝም። ድምፁም ልጁ ቮሊዩሙን እስከ ጥግ ቢያዞረው እንኳ ጆሮ የሚጎዳ መሆን የለበትም። እነዚህን ሁለቱን የሚያፈርስ ሥራ የፈለገው ብር ቢከፈልበትም አንቀበልም። ከታች ከምንጠቅሳቸው ጥቂት ነገሮች በቀር በሌላው እንስማማለን።

ሰሞኑን አንድ አባት ከአባይ ማዶ የእንጨት ሳጥን ይዘው መጡ። ሳጥኑ ሲያምር! ከዋንዛ የተሠራ፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የለሰለሰ። ስንከፍተው ግን ውስጡ የአሮጌ ቴፕ ትራንስፎርመር ተቀምጧል። የ220 ቮልቱ ገመድ በጎን ቀዳዳ ገብቶ፣ ጫፉ ተጠማዞ፣ በቁስል ፕላስተር ተጠቅልሏል። ገመዱን ሳብ ስናደርገው ፕላስተሩ ተንሸራቶ መዳቡ ብቅ አለ። ልጃቸው ገና አራት ዓመቷ ነው። "ጋሼ፣ ሳጥኑን እንጠቀምበታለን፤ ሆዱን ግን እንቀይረዋለን" አልናቸው። መጀመሪያ ትንሽ ተከራከሩን፣ ኋላ ግን ተስማሙ።

"ትራንስፎርመር እኮ ቮልቱን ዝቅ ያደርገዋል" የምትሉ አላችሁ። ያደርገዋል። ግን 220ው መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። የልጅ ዕቃ ደግሞ ይወድቃል፣ ይጎተታል፣ ሻይ ይፈስበታል። በዚህ በክረምቱ የሐይቁ እርጥበት ሲጨመርበት ማሰብ ነው። ሌላም አለ። ርካሽ የስልክ ቻርጀር የተሰካ ስልክ ስትነኩ እጃችሁን ነዘር የሚያደርጋችሁ ጊዜ የለም? ከሶኬቱ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ ነው። ያ ስልክ በገመድ ከልጁ ሳጥን ጋር ከተያያዘ ንዝረቱ ማይኩ ድረስ ይከተላል። ስለዚህ ዘፈኑ ከስልክ የሚመጣ ከሆነ ስልኩ ቻርጅ ላይ አይሁን።

የምንመክረው ባትሪ ያንኑ የግድግዳ ሰዓት ላይ የሚገባውን ነው። ሦስት ፍሬ ይበቃል፤ 4.5 ቮልት ይሰጣል። በዚህ ቮልት ሰው አይነዘርም። አራተኛ አንጨምርም፤ የምንጠቀምባት አምፕሊፋየር (ድምፅ አጉሊ ሰሌዳ) የምትችለው እስከ 5.5 ቮልት ነውና 6 ቮልት ከሰጣችኋት ልትቃጠል ትችላለች። ቻርጅ የሚደረጉት ባትሪዎችም ሦስት ከሆኑ 3.6 ቮልት ይሰጣሉ፤ ድምፁ ትንሽ ያንሳል እንጂ ይሠራል። አዲስና አሮጌ ባትሪ አትቀላቅሉ። በባትሪው ፕላስ ላይ የ500 ሚሊ አምፔር ፊውዝ (ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ ተቃጥሎ መስመሩን የሚቆርጥ) ጣልቃ ብታስገቡ ሁለት ሽቦ ቢነካካ እንኳ ገመዱ አይግልም። ደስ የሚለው ደግሞ መብራት ሲሄድ ዘፈኑ አይቋረጥም። እንዲያውም ያኔ ነው በደንብ የሚያገለግለው።

ከላፕቶፕ ባትሪ የሚወጣውን 18650 የሚባል ሊቲየም ባትሪ "ብዙ ይቆያል" ብላችሁ የምታመጡልን ብዙ ናችሁ። ለእጅ ባትሪና ለፓወር ባንክ እናውቀዋለን፣ እንጠግነዋለን። ለልጅ መጫወቻ ግን አንገጥመውም። ያገለገለ ሊቲየም ሲወድቅና ሲጨፈለቅ ውስጡ ሊነካካና እሳት ሊያነሳ ይችላል። አዲስ ነው ተብሎ የሚሸጠውም ላይ 9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተጽፎ ካያችሁ አትመኑት። የታወቁ ፋብሪካዎች የሚሠሩት እንኳ ባብዛኛው ከ3500 ብዙም አያልፍም። በጽሑፉ የዋሸ ባትሪ በጥራቱ አይዋሽም ማለት ይከብዳል።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። ጭቅጭቃችን የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። "ጠንከር አድርጉት፣ ሰፈሩ ይስማ" ትሉናላችሁ። ልጅ ግን የራሱን ድምፅ ከሳጥን ሲወጣ መስማት ነው የሚያስደስተው። ሰፈሩ ባይሰማ ግድ የለውም፤ ጎረቤትም ያመሰግናችኋል።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለሙዚቃ ማዳመጫ ዕቃዎች ባወጡት መመዘኛ ለልጆች የተቀመጠው ልክ 75 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ሆኖ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 78 ላይ 20 ሰዓት፣ 81 ላይ 10 ሰዓት እያለ ይወርዳል። 96 ሲደርስ ለሳምንቱ በሙሉ 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

96 ዴሲቤል የሠርግ ቤት ሞንታርቦ ብቻ የሚያወጣው እንዳይመስላችሁ። የእጅ መዳፍ የምታህል ስፒከር በ1 ዋት ስትሠራ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ከ80 እስከ 85 ዴሲቤል ያህል ታወጣለች። ርቀቱ በግማሽ ባነሰ ቁጥር 6 ያህል ይጨመራል። እናንተ ሶፋ ላይ ሆናችሁ "ይሄማ ምን ድምፅ አለው" ስትሉ ልጁ ሳጥኑን አቅፎታል። ፊቱ ከስፒከሩ 25 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ነው። እዚያ 12 ዴሲቤል ይጨመርበታል። በ1 ዋት እንኳ እስከ 96 ያህል ደረስን ማለት ነው። እኛ ዘንድ "50 ዋት ይሁንልኝ" የተባለበትም ቀን አለ።

የምንጠቀምባት አምፕሊፋየር ፓም 8403 ትባላለች። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ሰሌዳ ናት፣ ርካሽ ናት፣ ቀኝና ግራ ሁለት መስመር አላት። 4 ኦም ስፒከር ላይ በ5 ቮልት እስከ 3 ዋት ትሰጣለች። እኛ 8 ኦም እንገጥማለን፤ ያን ጊዜ ኃይሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሁለቱን መስመሮችም እንከፋፍላቸዋለን። በግራው ማይኩ፣ በቀኙ ዘፈኑ ይገባል። እያንዳንዱ የራሱ ስፒከርና የራሱ ቮሊዩም አለው። ድምፅ መቀላቀያ ሰሌዳ አያስፈልግም። ልጁ ሲዘፍንና ዘፈኑ ሲጫወት አየር ላይ ይገናኛሉ፤ ይበቃል።

ከልክ በላይ እንዳይጮህ የሚያደርገው ግን አንዲት ሬዚስተር ናት፤ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የምትቀንስ ትንሽ ዕቃ። 10 ኪሎ ኦም ቮሊዩም ላይ፣ ሲግናሉ ከሚገባበት እግር በፊት 22 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ እንበይዳለን። ቮሊዩሙ እስከ መጨረሻው ቢዞር ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያልፈው ከሦስት አንድ እጅ ያህል ነው። ወደ 10 ዴሲቤል ይቀንሳል። ለሁለቱም መስመር ለየብቻ አድርጉ። ከዚያ ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጭናችሁ የልጁ ጆሮ የሚሆንበት ቦታ ላይ ያዙት። የስልክ መለኪያ እንደ ላቦራቶሪ አይሁን እንጂ ግምት ይሰጣል። ቮሊዩሙ ጥግ ደርሶም ከ75 ብዙ ካለፈ ሬዚስተሩን ወደ 47 ኪሎ ኦም ቀይሩት። ወላጅ "ልጄን ቀንሺ እላታለሁ" ይላል። ቀንሺ ማለት አይሠራም። ሳጥኑ ራሱ እምቢ ማለት አለበት።

ፓም 8403 አንድ አመል አላት። የስፒከሩን ማይነስ ከባትሪው ማይነስ ጋር አታገናኙ፤ የሁለቱን ስፒከሮች ማይነስም እርስ በርስ አታያይዙ። በድሮው ቴፕ የለመደ እጅ "ማይነስ ያው ማይነስ ነው" ብሎ ያገናኛቸዋል፣ ሰሌዳዋም ትሞታለች። ከእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት ሽቦ፣ በቀጥታ ወደ ሰሌዳዋ። በቃ።

ለማይኩ ማክስ 9814 የምትባለውን ሰሌዳ እንመክራለን። ማይኩ እላይዋ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው። ልጁ ሲጮህ ራሷ ትቀንሳለች፣ ሲያንሾካሽክ ትጨምራለች። ልጅ ማይክ ሲይዝ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መጮህ ስለሆነ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጌይን የሚል የተጻፈበትን እግር ባዶ ከተዋችሁት ግን 60 ዴሲቤል ታጎላለች፤ ለዚህ ሥራ ይበዛል። ከፕላሱ ጋር ስታገናኙት ወደ 40 ይወርዳል። ሳጥኑ የሚያፏጭባችሁ ብዙ ጊዜ ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ነው። ፉጨቱ ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ ሰምቶ መልሶ ሲልከው፣ ስፒከሩም ደግሞ ሲያወጣው የሚፈጠር ነው። ስፒከሩ ወደ ፊት ካየ ማይኩን ከላይ ወይም ከኋላ አድርጉት፤ ከመሀላቸው ወፈር ያለ ስፖንጅ ጠቅጥቁ።

ማይኩ በገመድ ወጥቶ በእጅ የሚያዝ ይሁን ካላችሁ ገመዱ ከአንድ ስንዝር አይርዘም። ረጅም ገመድ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ለእኛስ ማይኩ ሳጥኑ ላይ ቢቀር ይሻለናል።

ሳጥኑን ከምንም ሥሩት፤ ኮምፔንሳቶም ዋንዛም ይሆናል። ቅል ያመጡልን አሉ፤ ድምፁ በእርግጥ ያምራል፣ ግን ሲወድቅ ተሰንጥቆ ጠርዙ ስለት ይሆናል። ፊቱን በደንገል ልንሸፍነው ያሉም ነበሩ። ታንኳ ላይ ያማረ ልጅ እጅ ላይ አይበረክትም፤ ሲነጨውና ሲያኝከው ይውላል። በስፒከሩ ፊት በትራፓኖ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ብትበሱ ይሻላል፤ ድምፅ ያልፋል፣ ጣት አይገባም። ቀለም ባትቀቡት ደስ ይለናል። መቀባት ካለበት ለልጆች ዕቃ የሚሆን መሆኑን አረጋግጡ፤ ይልሱታልና። የባትሪው ክዳን በካቻቪቴ ካልሆነ የማይከፈት ይሁን። በስታኞ ስትበይዱ ልጆቹን ከክፍሉ አስወጡ፤ ስታኞ ብዙውን ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበትና ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ የሆነችው ባትሪ በዚህ ሥራ ውስጥ ጭራሽ እንዳትገባ። መብራት የሚያበሩ መጫወቻዎችና ትንንሽ ሪሞቶች ውስጥ አለች። ልጅ ከዋጣት ጉሮሮ ላይ ተሰንቅራ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ዋጣት ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ልታስታውኩት አትሞክሩ። ምልክት እስኪታይም አትጠብቁ። ፈለገ ሕይወትም ይሁን የሚቀርባችሁ ሆስፒታል፣ ቀጥታ ሩጡ።

ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ይህን ሳጥን አንሠራም። በዚያ ዕድሜ ያገኙት ሁሉ አፍ ይገባል። ለመጫወቻ ፍተሻ የሚያገለግል 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር አለ፤ እዚያ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ለእነሱ ማነቂያ ተብሎ ይቆጠራል። የቮሊዩም ጉልላት ይገባል፣ ብሎን ይገባል። ለሁለት ዓመት ልጅ እናቱ ብትዘፍንለት ይመርጣል።

አንድ ነገር ቀረን። እሑድ ሐይቁ ዳር ስትወጡ ሳጥኑን ይዛችሁ ሄዳችሁ "ቤት ሲሠራ ነበር፣ እዚህ ደከመ" የምትሉ አላችሁ። አልደከመም። ቤት ውስጥ ግድግዳው ድምፁን እየመለሰ ያግዘዋል፤ ውጭ ሜዳ ነው፣ ነፋሱም አለ። እናንተ ትራቁት እንጂ ልጁ አሁንም አቅፎት ስለሆነ ለእሱ አልቀነሰም። ሬዚስተሩን አንሡልን አትበሉን። ስትመለሱ ሳጥኑ እርጥበት ካገኘው ባትሪዎቹን አውጥታችሁ አድርቁት። ባትሪው ነጭ ዱቄት ከተፋ በባዶ እጅ አትንኩት፣ ልጆችም አይንኩት።

ዕቃዎቹ ሱቃችን አሉ። ዋጋቸው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጻፍነውም፤ ደውላችሁ ጠይቁን። ራሳችሁ ከሠራችሁ ሳጥኑን በኮላ ከማሸጋችሁ በፊት አምጡት። ባትሪውን፣ ፊውዙንና ሬዚስተሩን በነፃ እናይላችኋለን። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሰው ይበዛል፤ በሌላ ቀን ብትመጡ ተረጋግተን እንሠራለን። ልጁንም ይዛችሁት ኑ፤ ድምፁን የምንለካው በእሱ ቁመትና በእሱ ክንድ ርዝመት ነው።

ከሰላምታ ጋር
የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቃችሁ ባልደረቦች
ባሕር ዳር