ስለ ኤሌክትሮና ራፕ ጀማሪዎች ትዝታ

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚሠራውን የጭፈራ ሙዚቃ፣ የኤሌክትሮን፣ እንዲሁም የራፕን የመጀመሪያ ዓመታት በአንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ ትዝታ በኩል የተረከውን ጽሑፋችሁን በደስታ አነበብሁት። ነገር ግን የአንጋፋውን ቃል የወጣትነት ጨዋታ ብቻ አስመስሎ ማቅረቡ ቅር አሰኝቶኛል፤ የዚያ ዘመን ታሪክ ዋና ማስረጃው የሰዎቹ አንደበት ነውና።

ለራፕ ሙዚቃ መነሻ ከሆኑት ሰዎች አንዱን፣ ዲጄ ኩል ኸርክን እንውሰድ። ጃማይካ የተወለደው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ላይ ባለ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ሙዚቃ ያጫወተው፣ እህቱ ሲንዲ ለትምህርት መክፈቻ ልብስ የምትገዛበትን ገንዘብ ለማግኘት ባሰናዳችው ጭፈራ ላይ ነበር፤ መግቢያውም ለሴቶች 25፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም ነበር። ጨፋሪዎቹ ከበሮው ብቻውን የሚመታበትን ቦታ እንደሚጠብቁ አስተውሎ፣ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላዎችን በሁለት ማጫወቻዎች እያፈራረቀ ያችን አጭር ክፍል ማስረዘም የጀመረው ኸርክ፣ በዚያ ዘመን በራሱ ስም ያሳተመው ሸክላ አልነበረም። ስልቱ የእርሱ መሆኑን ያወቅነው እርሱና በቦታው የነበሩት ስለ መሰከሩ ነው።

ሸክላ ሲኖርም ሽፋኑ ሁሉን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1982 በአፍሪካ ባምባታና በሶልሶኒክ ፎርስ ስም የወጣው «ፕላኔት ሮክ» የተባለው የኤሌክትሮ ዘፈን ዜማውን ከጀርመኑ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ ከክራፍትወርክ የወሰደ ሲሆን፣ ሲንተሳይዘሩን (ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጥረውን ኪቦርድ) የተጫወተው ጆን ሮቢ፣ ፕሮዲዩሰሩ አርተር ቤከር ነበሩ። ደረት የሚያንቀጠቅጠውን ምት የሰጠው ግን ሮላንድ 808 የተባለው የጃፓን የከበሮ ማሽን ሲሆን፣ ቤከር እንደሚያስታውሰው ማሽኑን ይዞ የመጣው፣ በጋዜጣ ማስታወቂያ በ20 ዶላር እሠራለሁ ያለ ሰው ነው። የዚያን ሰው ስም ዛሬ የሚያነሣው ጥቂት ነው። ማሽኑ ራሱ የእውነተኛ ከበሮ ድምፅ የለውም ተብሎ ገበያ አልቀናውም፤ ምርቱም እ.ኤ.አ. በ1983 ቆመ፤ ያገለገለው በርካሽ መሸጡም ነው ለብዙ ገንዘብ አጠር ወጣቶች ያደረሰው።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ቀረጸ። ሥራው የኤሌክትሮ ነው አልልም፤ መሣሪያዎቹ ግን የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ከሐበሻ ውጭ ያለው ብዙ አድማጭ ያን ካሴት የሰማው እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ሲታተም ሲሆን፣ ኃይሉ በመካከሉ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖሯል። እርሱን የሚጠይቀው በመገኘቱ ታሪኩን አወቅነው፤ በዚያው ጊዜ በየሬስቶራንቱ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ይዘው ሲያጫውቱን ያመሹትን ሌሎቹን ግን ማን ጠየቃቸው?

ስለዚህ ጋዜጠኞቻችሁ ወደ እነዚህ አንጋፋዎች ሄደው በየትኛው መሣሪያ እንደ ተጫወቱ፣ ማን እንዳስተማራቸው፣ የት እንደ ቀረጹና ምን ያህል እንደ ተከፈላቸው በዝርዝር እንዲጠይቁ፣ ቃላቸውንም ሳያሳጥሩ እንዲያትሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በእጄ የሚገኙትን የዚያ ዘመን ካሴቶች ከነሽፋናቸው ለማዋስ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ