ሽንትሽ ቢቀላ አትደንግጪ

ልጄ፣ ትናንት በስልክ «የቲቢ መድኃኒት ጀመርኩ» ስትይኝ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። አንቺ አምስተኛ ክፍል ሳለሽ ጠዋት ጠዋት የምውጠው ክኒን ትዝ ብሎኝ ነው። ያኔ «የጨጓራ ነው» ብዬ ዋሽቼሻለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሽንቴ ብርቱካንማ ሆኖ ሳየው ደም መሰለኝ። መድኃኒቱን የሰጡኝ ሰዎች ስለዚህ ትንፍሽ አላሉም። ለአባትሽም ሳልናገር ሦስት ቀን ክኒኑን በድብቅ ጣልኩት። ቀለሙ ሪፋምፒሲን ከሚባለው መድኃኒት የመጣ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ላብና እንባንም ያቀላል። ነጠላዬ አንገቱ ጋ ያለውን ነገር የበርበሬ እድፍ ይመስልሽ አልነበር? እሱ ነው። ጉዳት የለውም።

አንዷ ክኒን ውስጥ አራት መድኃኒት አለ፦ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል። ሁለት ወር አራቱን፣ ከዚያ አራት ወር የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ትውጫለሽ። ስንት ፍሬ እንደሚሰጥሽ የሚወሰነው በኪሎሽ ነው።

እኔ የምፈራው ጉበትን ነው። ከኢታምቡቶል በቀር ሦስቱም ጉበት ይነካሉ። ጠዋት ትንሽ ማቅለሽለሽ ያለ ነው። ግን ምግብ ጭራሽ ካስጠላሽ፣ ትውከቱ አልቆም ካለ፣ ከቀኝ ጎድንሽ ሥር ካመመሽ፣ ወይም የዓይንሽ ነጩ ቢጫ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ሽንትም እንደ ጥቁር ሻይ ይጠቁራል፤ ከብርቱካንማው ጋር አታምታቺው። የሚቀጥለውን ክኒን ሳትውጪ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ የሚባል ነገር ስድስት ወር አይነካም፤ የኔ የእንቁጣጣሽ ጠላም ቢሆን። አክስትሽ የባህል መድኃኒት ልላክላት ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልኳት። በዚህ ላይ ቅጠል መጨመር ጉበትን መፈታተን ነው።

ኢታምቡቶል ደግሞ ዓይን ላይ ይመጣል። እኔ በየጊዜው አንድ ዓይኔን ሸፍኜ የመሶቡን ቀይና አረንጓዴ ስፌት እለይ ነበር። ቀለም ከተምታታብሽ ወይም ከደበዘዘብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። እግርሽን ውርር ካደረገሽ አይሶናያዚዱ ነው፤ ቫይታሚን ቢ 6 ይሰጡሻል። መገጣጠሚያ የሚያሳምመው ፒራዚናማይዱ ነው። እሱንም ንገሪያቸው፤ ብቻ በራስሽ እንዳታቋርጪ። መድኃኒቱን ያቋረጡ እንደሆነ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስ ይችላል።

አሁን ደግሞ እናት ለልጇ በስልክ የማትለው ነገር። ሪፋምፒሲን የእርግዝና መከላከያን ያዳክማል። የሚዋጠውንም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውንም። የትኛውን እንደምትጠቀሚ አልጠይቅሽም። ሂጂና ነርሷን አማክሪያት፤ እስከዚያው ኮንዶም ጨምሩበት። አፍሬ ብተወው ኋላ «ለምን አልነገርሽኝም» ትይኛለሽ።

ክኒኑን በባዶ ሆድ ውጪው፣ ቁርስ ከዋጥሽ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይድረስ። ካላስቻለሽ ከቀላል ምግብ ጋር መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቂያቸው።

ለባልሽ ስለ ሽንቱ ዛሬውኑ ንገሪው። አባትሽ የሽንት ቤቱን ነገር ያወቀው በአራተኛው ቀን ነው፤ እስካሁን ይወቅሰኛል።

እናትሽ