ለራሴ ሥራ ደረሰኝ ከየት ላምጣ?

ቀን፦ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

አራት ኪሎ አካባቢ ለሚገኘው የልብስ እጥበት ድርጅታችሁ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በእጅ እንዲታጠብ ተከፍሎበት በማሽን ታጥቦ ስለተበላሸ የሱፍ ሹራብ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት በስልክ ተነጋግረን ሳንግባባ ቀረን። እርስዎም ሥራ ላይ ነበሩ፣ እኔም ተናድጄ ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ በጽሑፍ ላስረዳዎት።

ጥር 4 ቀን አንድ ሹራብ አስረከብኳችሁ። የእናቴ ነው። ጥቁር ቡናማ፣ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ፣ ግራና ቀኙ ላይ ጉንጉን የወረደበት። የገና ዕለት እጅጌው ላይ ዶሮ ወጥ ፈሶበት ነው ያመጣሁት። ካውንተር ላይ ለነበረችው ልጅ ሱፍ መሆኑን ነገርኳት። «ሙቅ ውሃ እንዳይነካው፣ ማሽን ውስጥም እንዳይገባ» አልኳት። «በእጅ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» አለችኝ። ይጨምር ብዬ 250 ብር ከፈልኩ። መረከቢያ ወረቀቱ ላይ በራሷ እስክሪብቶ «ሹራብ 1፣ በእጅ» ብላ ጻፈችበት። ወረቀቱ እኔ ጋ አለ። ፎቶውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ቅዳሜ ጥር 9 ልወስድ ስመጣ መጀመሪያ የሌላ ሰው ልብስ የሰጡኝ መሰለኝ። ሹራቡ ከመታጠቡ በፊት ደረቱ ተዘርግቶ ሲለካ 56 ሳንቲ ሜትር ነበር። የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ልኩ ደብተሬ ላይ አለ። አሁን 43 ነው። እጅጌው ከ46 ወደ 35 ወርዷል። ጉንጉኑ በእጅ ካልዳሰሱት አይለይም። ቁልፎቹ እንደነበሩ አሉ፤ የሚገቡበት ቀዳዳ ግን ስለጠበበ አንዱም አያልፍ። ልጅቷም አይታ ደነገጠች። «ውይ እህቴ» ብላ ዝም አለች። በማግስቱ ከተራ ነበር። እናቴ ጃንሜዳ ስታድር የምትለብሰው እሱን ነበር። የጎረቤት ጋቢ ተውሳ ሄደች።

እርስዎ ግን በስልክ መጀመሪያ የነገሩኝ «ሱፍ እኮ ድሮም ይጠባል» ብለው ነው። አይ፣ ሱፍ ዝም ብሎ አይጠብም። እያንዳንዱ የበግ ጸጉር በዓይን የማይታይ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሽፋን አለው። ሙቅ ውሃና ሳሙና ሲያገኘው ቅርፊቱ ይከፈታል። በዚያ ላይ ማሽኑ ሲያንገላታው ጸጉሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ይቀራል። ከተቆላለፈ በኋላ መመለሻ የለውም። በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ፣ ሳይታሽና ሳይጨመቅ ቢታጠብ ይህ አይደርስበትም። ለዚህም ማስረጃዬ ሹራቡ ራሱ ነው። ከዚህ በፊት ቤት ውስጥ ታጥቦ ያውቃል፤ አንድ ሳንቲ ሜትር አልቀነሰም። እናንተ ጋ የገጠመው ሌላ ነገር ነው። ምናልባት ከጂንስና ከአንሶላ ጋር አብሮ ተሽከርክሮ፣ ከዚያም ሙቅ ማድረቂያ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ይህን የሚያውቁት እናንተ ናችሁ። እኔ የማውቀው «በእጅ» ተብሎ መጻፉንና ለዚያም መክፈሌን ነው።

ክሩንም ላስረዳ፣ ምክንያቱም «ሌላ ክር ገዝተሽ ሥሪላት» ብለውኛል። ይህ ክር አይገዛም። መርካቶ ሄጄ በብዛት የማገኘው አክሪሊክ ነው። እሱ ፕላስቲክ ስለሆነ ማሽን ቢገባም እንዲህ አይሆንም። የእናቴ ሹራብ ግን የመንዝ በግ ጸጉር ነው። እዚያ ብርዱ የሚቻለው በዝተትና በበርኖስ ነው፤ ሁለቱም ከዚሁ ጸጉር ይሠራሉ። አክስቴ ጸጉሩን አጥባ፣ አበጥራ፣ በእንዝርት ፈትላ ላከችልን። ቀለም አልገባበትም። ጥቁሩም ቡናማውም የበጎቹ የራሳቸው ነው። ሻካራ ነው፤ እናቴ ከቀሚሷ በላይ ነው የምትደርበው። የሆነ ቦታ ላይ ክሩ ወፈር፣ የሆነ ቦታ ላይ ቀጠን ይላል። የእጅ ፈትል ነዋ! አክስቴ አሁን ዓይኗ ደክሟል። እንዝርቱን አስቀምጣለች።

ሹራብ የሚሠራ ሰው አንድ መጽናኛ አለው። ሥራው አላምር ቢል ይተረትረዋል። ክሩን አጥቦ፣ አስጥቶ፣ እንደገና ይሠራበታል። እኔም ይህን ተስፋ አድርጌ ነበር። አንድ ሱቅ የምንጋራቸው ልብስ ሰፊ ጋሼ የሹራቡን የታችኛውን ጫፍ በመቀስ ከፈቱልኝ። የክሩን ጫፍ ይዤ ቀስ ብዬ ሳብኩ። አልመጣም። ጠንከር ብዬ ስስበው ተበጠሰ። ሌላ ቦታ ሞከርን፣ እዚያም ተበጠሰ። ጋሼ የተቆረጠውን በጣታቸው ፈተግ ፈተግ አደረጉትና «ይሄማ ጨርቅ ሆኗል እኮ ልጄ፣ ምኑ ይተረተራል?» አሉኝ። ስለዚህ የጠፋው ልብሱ ብቻ አይደለም፤ ክሩም ጭምር ነው።

«ለምን ራስሽ አላጠብሽውም?» ብለውም ጠይቀውኛል። አገልግሎት የሚሸጥ ሰው ደንበኛውን እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ይገርማል። ቢሆንም እመልሳለሁ። ፒያሳ ነው ያደግሁት። እዚያ ግቢ ነበረን፤ ሳፋ አውጥቶ ማጠብ፣ ሰሌን ዘርግቶ ማስጣት ብርቅ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባን፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃ በፈረቃ ነው። ያን ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አልመጣም። ሱፍ ደግሞ ከታጠበ በኋላ ገመድ ላይ አይሰቀልም። ውሃው ስለሚከብደው ተንዘላዝሎ ቅርጹ ይጠፋል። ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚደርቀው። ባለፈው ክረምት መኝታ ክፍሉ ወለል ላይ ዘርግተነው እስኪደርቅ ድረስ እየዘለልነው ነበር የምንገባው የምንወጣው። ከተራ ሲደርስ ጊዜ የለም፣ ውሃ የለም። ሥራዬ አራት ኪሎ ነው፣ የእናንተም ቤት መንገዴ ላይ ነው። «ሙያውን የሚያውቁት ያጥቡልኝ» አልኩ።

ሹራቡን የሠራሁትም ከፒያሳ በወጣንበት በዚያው የመጀመሪያ ክረምት ነው። እናቴ ጎረቤት አልነበራትም። ቡና አፍልታ የምትጠራው ሰው አጥታ ብቻዋን የምትጠጣበት ጊዜ ነበር። እኔ ያኔ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ከሥራ ታክሲ ተሰልፌ እመጣለሁ፤ ከእራት በኋላ እሷ አጠገብ ተቀምጬ እሠራለሁ። «እስቲ ልለካው፣ እስቲ ልለካው» እያለች እጅጌውን ሳይያያዝ ታጠልቀዋለች። እኔን የቀየረኝ ያ ክረምት ይመስለኛል። አምና ከሥራ ወጣሁና በትዕዛዝ ሹራብ መሥራት ጀመርኩ። ዘመድ አዝማድ ጉድ አለ። «ዲግሪ ይዛ የአሮጊት ሥራ!» ያሉኝም አሉ። ይሁን። የቤት ኪራይና የክር ዕዳዬን ግን የምከፍለው በዚሁ ሥራ ነው።

ይህን የምነግርዎት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ወደ ደረሰኙ ጉዳይ ልመጣ ነው። «ደረሰኝ ካለሽ አምጪና እንነጋገራለን፤ ከሌለሽ የእጥበቱን 250 ብር እንመልስልሻለን፣ በቃ» አሉኝ። ጌታዬ፣ ለራሴ ሥራ ደረሰኝ ከየት ላምጣ? ሱቅ ሄጄ ከራሴ ገዛሁ ልበል?

ሒሳብ ስሠራ ከኖርኩበት ልንገርዎት። ብርድ ልብስ የሚያመርት ፋብሪካ መጋዘኑ ውስጥ ላለው ብርድ ልብስ የግዢ ደረሰኝ የለውም። የገዛው ሱፉን ነው። ቢሆንም መጋዘኑ ቢቃጠል ማንም «ደረሰኝ ስለሌለህ ዋጋ የለውም» አይለውም። የጥሬ ዕቃው፣ የሠራተኛው ጉልበትና ሌላው ወጪ ተደምሮ የምርቱ ዋጋ ይታወቃል። ታዲያ የእኔ ጉልበት ሲሆን ለምን ዜሮ ይሆናል? ደረሰኝ የሌለው ነገር ዋጋ የለውም ከተባለ በሽሮ ሜዳ ሸማኔ ያሠራነው ጋቢ፣ እናቶቻችን የሠሩት ዳንቴል ሁሉ እናንተ ጋ ገብቶ ቢበላሽ ባዶ እጃችንን ልንመለስ ነው ማለት ነው። እንግዲህ የዚህ አገር ሰው ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ያስቡት።

ዋጋውን የሚያሳይ ማስረጃ ግን አለኝ። ለአዋቂ የሚሆን፣ ሙሉ እጅጌ፣ ጉንጉን ያለው ሹራብ ደንበኞቼ 7,500 ብር ነው የሚያሠሩኝ። እሱም ከአክሪሊክ የሚሠራው ነው። በቴሌብር የተከፈለኝን መልእክት ከነቀኑ ላሳይዎት እችላለሁ። ለአክስቴ ፈትል ዋጋ አልተመንኩም። ልተምነውም አልፈልግም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ከንክኖኛል። ስልኩን ልንዘጋ ስንል «እሺ፣ ካጠበችው ልጅ ደመወዝ ላይ እንቆርጥልሻለን» አሉኝ። ይቅርብኝ። እኔ ገንዘቤን የከፈልኩት ለድርጅታችሁ ነው እንጂ ለልጅቷ አይደለም። ስንት እንደምትከፍሏት አላውቅም፣ ግን ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆማ የምትውል ሰው ናት። ሱፍ ከጥጥ በምን እንደሚለይ ማን አሳይቷት ያውቃል? ካውንተር ላይ የተጻፈው «በእጅ» የሚለው ቃል እሷ ጋ መድረሱንስ ማን አረጋገጠ? እኔ ስመጣ ልብሶቹ ላይ የነበረው ቁራጭ ጨርቅ ቁጥር ብቻ ነው ያለበት። ማሳሰቢያው ወረቀቱ ላይ ቀርቷል፤ ወረቀቱ ደግሞ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከእሷ ደመወዝ የተቆረጠ ብር ብትሰጡኝ አልቀበልም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይኸው ነው። አንደኛ ነገር፣ ለሹራቡ 7,500 ብር፣ በተጨማሪም ላልተሰጠኝ የእጅ እጥበት የከፈልኩት 250 ብር በድርጅቱ ስም ይከፈለኝ። ደግሞም ከማንም ሠራተኛ ደመወዝ እንዳልተቆረጠ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። ከዚህ በኋላ ለሚመጣ ደንበኛ ደግሞ «በእጅ» ወይም «ቀዝቃዛ ውሃ» የሚለው ልብሱ ላይ በሚታሰረው ጨርቅ ላይ አብሮ ይጻፍ። ይህኛው ምንም ወጪ የለውም፤ አንድ የማይለቅ እስክሪብቶ ይበቃዋል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በተጠቀመበት አገልግሎት ለሚደርስበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። አዋጁ ደረሰኝ ስላለው ዕቃ ብቻ አይደለም የሚያወራው። ነገሩን ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት መውሰድ እችላለሁ፣ ካስፈለገም እወስዳለሁ። ግን በሰላም ብንጨርሰው እመርጣለሁ። እዚያው ሰፈር ነው የምንውለው፤ ነገም ካፌ ውስጥ እንገናኛለን።

እስከ ጥር 30 ድረስ መልሳችሁን እጠብቃለሁ። ስሜና ስልኬ መረከቢያ ወረቀቱ ቀሪ ላይ አለ። ሹራቡን ማየት ከፈለጉ ሱቄ ይምጡ። መጀመሪያ እንደተቀበልኩት፣ በላስቲካችሁ ውስጥ ነው ያለው፤ የቆረጥነው የታችኛው ጫፉ ብቻ ነው። ሰው ልከው «ስጪንና እንየው» ቢሉኝ ግን አልሰጥም። ማስረጃዬ እሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ