ለእማዬ፣ ስለ ፊት ቅባቱ ጉዳይ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? የደሴ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ስልክ ላይ ይሄን ወሬ ስጀምር «ተይ እስቲ» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው የጻፍኩልሽ። እህቴ ታነብልሻለች።

የቅባቱን ቱቦ ፎቶ ላከችልኝ። አጉልቼ አየሁት። ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን 2 በመቶ፣ ትሬቲኖይን፣ ሞሜታሶን ይላል። ፋርማሲ ስውል ስለምሸጠው አውቀዋለሁ። ሐኪም ለማድያት ያዘዋል፤ ግን እየተከታተለ፣ ለሳምንታት ነው። አንቺ ከሱቅ እየገዛሽ ዓመታት ተቀባሽው።

መጀመሪያ ላይ ፊትሽ ጠርቶ ነበር፣ አልክድም። አሁን ጉንጭሽና ከዓይንሽ ጎን ያለው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ጥቁረት ግን ማድያቱ ተመልሶ አይመስለኝም። ጤፍ የሚያካክሉ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉበት። ሃይድሮኪኖን ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ ኦክሮኖሲስ ይሉታል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሐኪሞች በ1975 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። ክፋቱ ምን መሰለሽ፣ ፊቱ ሲጠቁር ሰው ማድያቱ የባሰበት ይመስለውና ቅባቱን ይጨምራል። ሲጨምር ይብስበታል። አንቺም ጧትና ማታ ጀምረሻል አሉ።

ሞሜታሶኑ ደግሞ ስቴሮይድ ነው፤ ቆዳ ያሳሳል። እንጀራ ስትጋግሪ ፊትሽን የሚለበልብሽ ከሱ ሊሆን ይችላል። ሲያቆሙት ፊት ሊቀላና ሊያቃጥል ስለሚችል፣ እንዴት እንደምታቆሚው ሐኪሙ ይንገርሽ። ቢቀላብሽም ደንግጠሽ እንደገና እንዳትለቀለቂው።

ሌላዋን ቅባት የያዘችውን፣ ምንም ያልተጻፈባትን የፕላስቲክ ዕቃ ግን ዛሬውኑ ተያት። «ከውጭ የመጣ ነው» የሚለውን ወሬ ተይው። እንዲህ ካሉት ቅባቶች ሜርኩሪ የተገኘባቸው አሉ። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ በእጅና በፎጣም ወደ ሕፃን ይተላለፋል። አንቺ ደግሞ የልጅ ልጅሽን አቅፈሽ ነው የምታድሪው።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሂጂልኝ። «ቦሩ ሜዳ የሥጋ ደዌ ነው፣ ሰው ምን ይለኛል» እንደምትይ አውቃለሁ። ዛሬ ለቆዳውም ለዓይኑም ስንቱ ነው የሚሄደው! ደግሞ የሥጋ ደዌ ታማሚስ ምን አደረገሽ? ቱቦውንም ዕቃዋንም በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ እንዳትደብቂ። ፎቶ አይቼ ከምገምት ሐኪሙ በዓይኑ ቢያየው ይሻላል።

አብሽሪ፣ ግን ቶሎ ይለቃል ብዬ አልዋሽሽም። ወራት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ጥቁረት ጨርሶ ላይጠፋም ይችላል። «በሳምንት አጠፋልሻለሁ» የሚልሽን አትስሚ። ደሴ ቀዝቃዛ ናት ብለሽም ፀሐይዋን እንዳትንቂ፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ስትሆኚ ጨረሩ ይበረታል። ጃንጥላ ያዢ። የፀሐይ መከላከያ ልኬልሻለሁ፤ ከመቀባትሽ በፊት ለሐኪሙ አሳዪው።

የምትሄጂበትን ቀን ለእህቴ ንገሪያት። ወንድሜ ፈቃድ ጠይቆ ከኮምቦልቻ ይመጣል። ያን ቀን የቡናውን ተራ ለጎረቤት ስጪ፣ በሱ ሰበብ እንዳትቀሪ።

ልጅሽ