የጂኦግራፊ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ ታቦር ላይ የሳተው መርፌ

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው በአራት ኮምፓሶች ነው። አንደኛው ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ አሮጌ ዕቃ ነበር፤ የመርፌው ደቡባዊ ጫፍ እየዘቀጠ ከሥሩ ካለው ሰሌዳ ጋር ይፋተጋል። ተበላሽቷል ብለን ልንጥለው ነበር። በአውሮፓ የምድር መግነጢስ የመርፌውን ሰሜናዊ ጫፍ ወደ መሬት ስለሚስበው፣ ሠሪዎቹ ሚዛኑን ለመጠበቅ በደቡባዊው ጫፍ ላይ ክብደት ይጨምራሉ። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ፣ ማለትም መርፌ ወደ የትኛውም ጫፍ ሳይዘቅጥ አግድም የሚቆምበት መስመር፣ ግን በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ሐዋሳ ሲደርስ ያ ክብደት ትርፍ ሸክም ሆነ። ዘንበል አድርገን ተጠቀምንበት።

በታኅሣሥ እውነተኛውን ሰሜን በእንጨት ጥላ ለካን፤ ጥላው በጣም ሲያጥር ወደዚያ ያመለክታል። ጥላው አጥሮ የሚያበቃው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን ከዚያ ጥቂት አልፎ ነው፤ መርፌውም ከጥላው ጥቂት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ያፈነግጣል።

በየካቲት ሐዋሳ ያለውን የታቦር ኮረብታ ወጣን። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከግርጌ ወደ አናት፣ ከአናትም ወደ ግርጌ አቅጣጫ ለካች። ሁለቱ ንባቦች በ180 ዲግሪ መለያየት አለባቸው፤ የእርሷ የተለያዩት በ173 ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩና «ድገሚ» አልኳት። ደገመች፤ ያው 173። ቁልፌንና ስልኬን አርቄ አስቀመጥኩ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ኮምፓሱን ካስቀመጠችበት ድንጋይ አንስታ ደረቷ ላይ ስትይዘው መርፌው ዞረ። አሥር እርምጃ ፈቀቅ ስትል ደግሞ ሌላ ንባብ ሰጣት።

ታቦር የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። እንዲህ ባለው ድንጋይ ውስጥ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ይገኛል፤ ቀልጦ የወጣው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ የዘመኑን የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። ኮረብታ አናት ላይ የወደቀ መብረቅም ድንጋዩን አዲስ መግነጢስ ሊያደርገው ይችላል። የእኛን ድንጋይ የትኛው እንዳገኘው በእጅ ኮምፓስ አይለይም።

ግንቦት 2 ምሽት፣ በ20 ዓመታት ውስጥ እጅግ ኃይለኛ የተባለውና የምድርን መግነጢስ ያናወጠው የፀሐይ ማዕበል ምድርን ሲመታ ኮምፓሶቻችን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፈው ነበር። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። በእንዲህ ያለ ኮምፓስ እዚህ የሚታይ ለውጥ አይኖርም ነበር ብዬ ተማሪዎቹን ላጽናናቸው ሞከርኩ፤ የሰማኝ የለም።

የታቦር ደብተር ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ቀዩ ሰረዝ እንዳለ ነው፤ ከጎኑ ተማሪዋ በእርሳስ «መምህር፣ ድንጋዩን ይጠይቁ» ብላ ጽፋበታለች።