ከባሕር ዳርቻው በፊት ስለ ፈቃዱ ይጻፍልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፓቸውን ይዘው አገር ለአገር እየተዘዋወሩ ስለሚሠሩና «ዲጂታል ኖማድ» ስለሚባሉ ሰዎች ጋዜጣችሁ ያወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ስለ ባሕር ዳርቻው ውበት፣ ስለ ቤት ኪራዩ ርካሽነትና ስለ ኢንተርኔቱ ፍጥነት በሰፊው ሲተርክ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ስለሚገጥመው ጉዳይ ግን አንድ አንቀጽ እንኳ አለመስጠቱ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አነሣሥቶኛል። እኔ ጅማ ከተማ ውስጥ የጽሕፈትና የትርጉም አገልግሎት የምሰጥ ሰው ነኝ። ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው ልጅም፣ ለትምህርት የሚወጣው መምህርም፣ አሁን አሁን ደግሞ ከቤቱ ሆኖ ለውጭ ድርጅት የሚሠራው ወጣትም የልደት ምስክር ወረቀታቸውን ለማስተርጎምና ቅጽ ለማስሞላት ከጠረጴዛዬ ፊት ስለሚቀመጡ፣ የምጽፈው በእጄ ካለፈው ወረቀት ተነሥቼ ነው።

ነገሩን የምቃወም መስዬ እንዳልታይ አስቀድሜ ልናገር። በኮምፒውተርና በሒሳብ አያያዝ ተመርቀው፣ እዚሁ ጅማ ተቀምጠው ለውጭ ድርጅቶች ፕሮግራም የሚጽፉ፣ የሒሳብ መዝገብ የሚያስተካክሉና ዲዛይን የሚሠሩ ልጆች አሉ። በክረምት መብራት በጠፋ ቁጥር ላፕቶፓቸውን ከጃኬታቸው ሥር ሸሽገው ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ በዝናብ ሲሮጡ አያቸዋለሁ። አሠሪያቸው ኒውዮርክ ከሆነ ደግሞ እዚያ ቢሮ የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ስለሆነ ሥራቸው የሚያበቃው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። እንዲህ የሚለፋ ልጅ «ሥራዬ በስክሪን ከሆነ መብራት ከማይጠፋበት አገር ሆኜ ብሠራውስ?» ብሎ ቢያስብ የሚያስወቅሰው ነገር የለም።

ቅር የሚለኝ የምክሩ ቅደም ተከተል ነው። በዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር ከተማ ምረጥ፣ ቲኬት ቁረጥ፣ ከደረስክ በኋላ ሌላው ይስተካከላል የሚል ነው። ይህ ምክር ያለ ቪዛ ብዙ ድንበር የሚያሻግር ፓስፖርት ለያዘ ሰው የተጻፈ ስለሆነ ለእሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። የእኛ ሰው ግን በመጀመሪያ ማጣራት ያለበት የትኛው አገር በምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚያስገባው ነው፤ ቀጥሎ ገቢው በማን ስምና በየት በኩል እንደሚመጣ ነው፤ የከተማው ምርጫ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ፈቃዱን በተመለከተ መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን በዘጋበት ወቅት ባርቤዶስ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020፣ ኢስቶኒያ ደግሞ በኦገስት 2020 ለእንዲህ ዓይነት ሠራተኞች የተለየ ቪዛ ጀምረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሞሪሺየስ፣ ፖርቱጋል፣ ናሚቢያና ሌሎችም ተከትለዋል። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ግን አመልካቹ ገቢው ከዚያ አገር ውጭ እንደሚመጣና ራሱን እንደሚችል በሰነድ እንዲያረጋግጥ መጠየቃቸው ነው። ባርቤዶስ በዓመት 50,000 የአሜሪካ ዶላር ገቢ ትጠይቃለች፤ ፖርቱጋል የአገሩን ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ ትጠይቃለች፤ ሞሪሺየስ ደግሞ ለቪዛው ክፍያ ሳታስከፍል በወር 1,500 ዶላር ገቢ ያለውን ሰው ትቀበላለች። ለጅማ ልጅ የመጨረሻዋ ከባርቤዶስ ይልቅ የምትቀርብ ይመስለኛል፤ ይሁንና ስለ እሷ የጻፈ የአማርኛ ጋዜጣ እስካሁን አላጋጠመኝም።

በተጨማሪም ነገሮችን አምታትቶ የሚያቀርብ ወሬ ብዙ ነው። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ለውጭ ዜጎች የምትሰጠው «ኢ-ሬዚደንሲ» የተባለ ዲጂታል መታወቂያ ኩባንያን በኢንተርኔት ለማቋቋምና ለማስተዳደር የሚያገለግል ሲሆን፣ ወደ አገሪቱ ለመግባትም ሆነ በዚያ ለመኖር ፈቃድ አይሆንም። ይህንን ካርድ እንደ መኖሪያ ፈቃድ ቆጥሮ ሻንጣ እስከ መግዛት የደረሰ ደንበኛ ገጥሞኛል። «መጀመሪያ በቱሪስት ቪዛ ግባና አገሩን እየው» የሚለው ምክርም እንዲሁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ኢትዮጵያውያን የሚያመለክቱት የአጭር ጊዜ የሸንገን (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ መደበኛ መጠበቂያ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። ማመልከቻው ቢወድቅ 90 ዩሮው አይመለስም። በዚህ ላይ ኤምባሲዎቹ ያሉት አዲስ አበባ ስለሆነ የጅማ ሰው ለአሻራውና ለቃለ መጠይቁ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አልጋ ይዞ ማደር አለበት። ወደ እኛ የሚመጣው የውጭ እንግዳ ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የኢትዮጵያን ቪዛ ከሶፋው ሳይነሣ በኢንተርኔት ማመልከት ይችላል። በእንግዳው አልቀናም፤ የሁለቱ መንገድ አንድ እንዳልሆነ ግን አንባቢ ሊያውቀው ይገባል።

ከሁሉ የበለጠ ልጆቻችንን የሚጥላቸው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። አንድ ወጣት ሰነዶቹን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ የገቢ ማስረጃዬ ይኸው» ብሎ ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። አሠሪው በየወሩ የሚልከው ዶላር ተደርድሮ ይታያል። በማን ስም እንደሚገባ ስጠይቀው «አሜሪካ ባለው በአክስቴ ልጅ አካውንት ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ በሰው በኩል በብር ያደርስልኛል» አለኝ። የራሱን ባንክ ስቴትመንት እንዲያሳየኝ ስጠይቀው ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ከፌስታል አወጣ። ወረቀቱ ላይ ያለው ለስልክ ካርድ የወጣ ገንዘብና እናቱ አልፎ አልፎ ያስገቡለት ጥቂት ብር ብቻ ነበር። ይህ ልጅ በወር የሚያገኘው ከእኔ ገቢ እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ፣ በወረቀት ላይ ግን ሥራ ፈት ነው። የቪዛ መኮንኑ ደግሞ የሚያምነው ወረቀቱን ነው። ቅጹን ሞልቼ ልሰጠው እችል ነበር፤ የአገልግሎቱን ዋጋ ተቀብዬ መልሶ መላኩ ግን ስላላስቻለኝ ሻይ አዝዤ አስቀመጥኩት።

ልጁ ሕግ ለመጣስ ፈልጎ ያደረገው አይደለም። አንዳንድ የታወቁ የክፍያ ድርጅቶች ኢትዮጵያ ውስጥ ገንዘብ መቀበል አይፈቅዱም፤ የባንኩና የጥቁር ገበያው ምንዛሪ ልዩነት ሰፊ በነበረባቸው ዓመታትም በባንክ መቀበል ኪሳራ ሆኖ ይታይ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ የዱሮው ሰበብ የዱሮውን ያህል አያስኬድም። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ውሉን በራስህ ስም ጻፍ፣ ገንዘቡን በራስህ አካውንት በባንክ ተቀበል፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጣ፣ ከዚያ በኋላ ወራት ጠብቅ። ይህ መጠበቅ ወጣቱን እንደሚያሰለቸው አውቃለሁ። በተጨማሪ በውሉ፣ በፓስፖርቱና በባንኩ ደብተር ላይ ያለው ስም እስከ አያት ድረስ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉን፣ የልደት ቀኑም ከእኛ አቆጣጠር ሲመለስ አለመዛነፉን መመልከት ያስፈልጋል። ለአንዲት ፊደል ሲባል ከጅማ አዲስ አበባ የተመላለሰ ሰው አውቃለሁ።

ግብሩም የሚረሳ አይደለም። ብዙ ወጣቶች ሦስት ወር እዚህ፣ ሦስት ወር እዚያ ከተቀመጡ የማንም አገር ግብር ከፋይ እንደማይሆኑ ያስባሉ። በእኛ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነ ሰውም እንደ ነዋሪ ይቆጠራል፤ ነዋሪ ደግሞ ከውጭ ያገኘውም ገቢ ግብር አለበት። የ183 ቀኑ መለኪያ በሌሎች ብዙ አገሮችም የሚሠራበት ስለሆነ፣ የሄደበት አገርም በበኩሉ ሊጠይቀው ይችላል።

ፈቃድ ከሌለበት ከተማ ይልቅ በቀላሉ ከሚገባበት መጀመር ይሻላል የሚል ሐሳብ አለኝ። ኬንያ ኢትዮጵያውያንን ያለ ቪዛ ታስገባለች፤ ሩዋንዳም ለአፍሪካውያን በሯን ክፍት አድርጋለች። ናይሮቢ ለእኛ ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይደለችም። ኢስትሊ በሚባለው ሰፈሯ አማርኛና ኦሮምኛ ይሰማል፤ እንጀራም አይቸግርም፤ የስዋሒሊ ተናጋሪውም ልክ እንደ እኛ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ «ሁለት ሰዓት» ሲል ጠዋት ማለቱ ነው። (ቲኬትና የቢሮ ቀጠሮ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነውና በዚህ እንዳትታለሉ።) የግድግዳው ሶኬት አራት ማዕዘን የሆኑ ሦስት ቀዳዳዎች ያሉት በመሆኑ የእኛ ቻርጀር አይገባበትም፤ አዳፕተር ይዞ መሄድ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው እ.ኤ.አ. በ2007 በተጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በኤም-ፔሳ ነው፤ ሲም ካርዱ የሚወጣው ደግሞ በፓስፖርት ነው። ይሁን እንጂ ያለ ቪዛ መግባት ማለት ያለ ገደብ መቀመጥም፣ መሥራትም ማለት አይደለም፤ ኬንያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2024 ለእንዲህ ዓይነት ሠራተኞች የተለየ ፈቃድ ያስተዋወቀችው ለዚህ ነው።

የፈቃድ ጊዜ ማለፍ ምን እንደሚያስከትል ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከዚህ አካባቢ የሄዱ ልጆችም ነበሩበት። ከዚያ በኋላ የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው ቁጥር 1246/2013 ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ፣ ሥልጠናና የጸደቀ የሥራ ውል እንዲኖር ያዝዛሉ። ሕጉ በተግባር የሚጎድለው ብዙ ነው፤ ቢያንስ ግን ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው ልጅ የምትከስሰው ኤጀንሲ አላት። ላፕቶፑን ይዞ የሚወጣው ልጅ አሠሪው ሦስተኛ አገር ስለሆነ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ኤጀንሲ የለውም፣ የጸደቀ ውል የለውም፤ ደመወዙ ቢቀርበት በየት አገር ፍርድ ቤት እንደሚከስስ እንኳ አያውቅም። የተማረ በመሆኑ ጥበቃ የማያስፈልገው ይመስለናል።

ከላይ ያነሣሁት ልጅ ሌላ ቀን ሲመጣ እናቱ አብረውት ነበሩ። ሰነዶቹን አንድ በአንድ ስዘረዝርላቸው ዝም ብለው አዳመጡና «ወንድሜ፣ እዚያ ሲታመም ማን ነው የሚያስታምመው?» ብለው ጠየቁኝ። ኢንሹራንስ እንዳለ፣ ለሸንገን ቪዛ ለምሳሌ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ እንደሚጠየቅ ነገርኳቸው። አልረኩም፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ኢንሹራንስ ለሆስፒታሉ ይከፍላል፤ ሾርባ ይዞ አይመጣም። በናይሮቢም ሆነ በዋሽንግተን ረጅም ጊዜ የኖረው ወገናችን ዕድሩንና ማኅበሩን አቋቁሞ የሚረዳዳው በአንድ ቦታ በመቀመጡ ነው፤ በየሦስት ወሩ ከተማ የሚቀይር ሰው ግን የዕድር አባል ሊሆን አይችልም፤ ጎረቤቱም ስሙን ሳያውቀው ይሄዳል። በመሆኑም ከብዙ ከተማ አንዱን መርጦ፣ በዚያም የአገር ሰው ፈልጎ ተዋውቆ፣ ቢያንስ ዓመት መቀመጥ የሚበጅ ይመስለኛል። ይህ ኖማድነት አይደለም የሚለኝ ካለ አልከራከረውም።

ለዝግጅት ክፍሉ የማቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ወደፊት ስለ አንድ አገር እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስታወጡ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ማመልከት ይችል እንደሆነ፣ ማመልከቻው የሚገባው አዲስ አበባ ይሁን ወይም በሌላ አገር ባለ ኤምባሲ፣ ምን ያህል ገቢ በምን ዓይነት ሰነድ እንደሚጠየቅና ፈቃዱ ሲያልቅ ምን ማድረግ እንደሚገባ ከፎቶው ጎን አብራችሁ አትሙልን። የገቢዎች ሚኒስቴርንም ከውጭ ድርጅት በኢንተርኔት ለሚከፈለው ግለሰብ የግብር አከፋፈሉ ሥርዓት እንዴት እንደሆነ በጋዜጣችሁ በኩል እንዲያብራራ ጠይቁልን፤ መልሱ ከወጣ ቆርጬ ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ፤ በየቀኑ የሚጠይቀኝ ሰው አለና።

ከአክብሮት ጋር፤
የጽሕፈትና ትርጉም አገልግሎት ሰጪ፣ ከጅማ